ሐይቅን ማን አረንጓዴ አደረገው?

(ምስል፦ በሃይላንድ የተቀዳ ውሃ፣ መስኮት አጠገብ)

ሰላም የደሴ ልጆች፣ ኮምቦልቻም ያላችሁ። ይሄን ውሃ ትናንት ከሐይቅ ቀድቼው ነው የመጣሁት። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብዙዎቻችን ዓሣ ልንበላ ወይ እስጢፋኖስን ልንሳለም ሄደናል። እስቲ እዩት። ጥርት ያለ ይመስላል አይደል? ከጀርባው ነጭ ወረቀት ሳደርግበት ግን ትንሽ አረንጓዴ ይላል። ያ አረንጓዴ ዋቅላሚ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው በዓይን አይታይም፣ ግን ልክ እንደ ጤፉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ራሱ ይሠራል፣ ኦክስጅንም ይሰጣል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ሐይቅ መጥተው ነበር። የውሃ ጥራት የሚለካው ክብ ሰሃን በገመድ ወደ ውሃ እየለቀቁ፣ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ በማውረድ ነው። ያኔ ሰሃኑ 9 ሜትር ገደማ ወርዶም ይታይ ነበር። ሦስት ፎቅ በሉት! ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ወደ ሐይቁ ተጨመረ፣ ዛሬ ተጠብሶ የሚቀርብልን ዓሣ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ሲለካ ሰሃኑ ብዙም ሳይወርድ ተሰወረ። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል።

ዓሣ ውሃ እንዴት ያለመልማል?

(ምስል፦ ዳፍኒያ በማይክሮስኮፕ)

ይቺን እዩልኝ። ዳፍኒያ ትባላለች፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ወገኗ ከነሸርጣን ነው። ሰውነቷ እንደ መስታወት ስለሆነ ልቧ ሲመታ በግልጽ ይታያል። መሃል ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ደግሞ አንጀቷ ነው። የበላችው ዋቅላሚ ነው እንዲህ አረንጓዴ ያደረገው። ቀኑን ሙሉ ውሃውን እያጣራች ትበላለች። ትንንሽ ዓሣዎች ደግሞ እሷን ይበላሉ። ተመራማሪዎች ለሐይቁ መለወጥ ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄው ነው፦ አጣሪዋ ተበላች፣ ዋቅላሚው ከልካይ አጣ። ዓሣው ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፣ እሱን ማንም አይክድም። ግን በዓይን ለማየት በምታስቸግር ፍጥረት ሐይቅ የሚያህል ነገር መልኩን ሲቀይር ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ የሐይቆችን ውሃ በአጉሊ መነጽር አይተው መጀመሪያ ከጻፉት ሰዎች አንዱ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። አንቶኒ ቫን ሊውዌንሁክ ይባላል፣ የሆላንድ ሰው፣ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1674። የጨርቅ ነጋዴዎች ክር በመስታወት አጉልተው ያዩ ነበር። ክር የሚያውቁ የኮምቦልቻ ሰዎች ይሄ አይገርማቸውም።

(ምስል፦ የጎፍ ደን፣ ጥድና ወይራ ሥር)

ከውሃው ወጥተን ወደ የጎፍ እንውጣ። ከጥዱ ሥር የረገፈውን ቅጠል ቀስ አድርጋችሁ ግለጡት። ታች ያለው እርጥብ፣ ጠቆር ያለ፣ በነጫጭ ክር የተያያዘ ነው። ክሩ ፈንገስ ነው። የወደቀውን ቅጠል እያበሰበሰ ወደ አፈር የሚመልሰው እሱ ነው። ከዓይን የሚሰወሩ ሌሎች ፈንገሶች ደግሞ ከሥሩ ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ፦ ዛፉ ስኳር ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄደው ፎስፈረስና ውሃ ያመጡለታል። ደን ውስጥ ዛፍ ብቻውን አይቆምም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን አሽቱት። የበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ከመሬቱ የሚነሳው ያ የምንወደው ሽታ አለ አይደል? ዋናው ምንጩ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነገር ነው። ከዚሁ ወገን ነው እ.ኤ.አ. በ1943 ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው፣ ቲቢን ማዳን የቻለ የመጀመሪያው መድኃኒት። ስንቱ ሰው ከሞት የተረፈው አፈር ውስጥ ከሚኖር ፍጥረት በተገኘ መድኃኒት ነው!

የእነዚህ ሁሉ ቀለብ የወደቀው ቅጠል ነው። ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ይራቆታል፣ ይደርቃል፣ ክሩም ይበጠሳል። ችግሩ ይገባኛል፣ ማገዶ የለም። ግን ቢያንስ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ያለውን እንተውላቸው።

እኔም ለቀረጻ የገለጥኩትን ቅጠል መልሼ አልብሼው ነው የወረድኩት።