መነሻ ከፍታና ቀጣዩ ምርኩዝ

የተከበራችሁ አሠልጣኞችና የሜዳ ተግባራት ዳኞች፣

እ.ኤ.አ. በ2012 ባርሴሎና በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ብራዚላዊው ቲያጎ ብራዝ በምርኩዝ ዝላይ 5.55 ሜትር አልፎ ወርቅ ወሰደ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ በ6.03 የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው የባርሴሎና ስታዲየም፣ በ1992ቱ ኦሊምፒክ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ ሰርጌይ ቡብካ አንድም ከፍታ ሳያልፍ ተሰናብቶ ነበር። ለዛሬው ጉዳያችን የሚበልጥብን ሁለተኛው ነው። በተከታታይ ሦስት ጊዜ የሳተ ይወጣል፤ ሦስቱንም በመነሻ ከፍታው የሳተ ደግሞ ውጤት የለውም። በቡብካ ላይ የደረሰ በ18 ዓመት ልጅ ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ልጁ ከምርጥ ውጤቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምር፤ ነፋስ ባለበት ቀን ከዚያም ዝቅ ይበል። ግን በዝቅተኛው ከፍታም መሳት ዋጋ ያስከፍላል። ሁለት ዘላዮች እኩል ቢያበቁ መጀመሪያ የሚታየው በመጨረሻው ባለፉት ከፍታ የሳቱት ሙከራ ነው፤ ቀጥሎ እስከዚያ ድረስ የሳቱት ድምር።

አሁን ወደ ምርኩዙ። ርዝመቱንና የተሠራለትን የሰውነት ክብደት ሁሉም ያነባል፤ የመጣጠፍ ቁጥሩን ግን ብዙዎች ያልፉታል። ምርኩዙ በሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ መሐሉ ላይ 22.7 ኪሎ ግራም ሲንጠለጠልበት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚጎብጥ የሚነግረን እሱ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ምርኩዙ ይጠነክራል። ለአንድ ዘላይ በጥንካሬ ደረጃ በደረጃ የሚከታተሉ አራት ወይም አምስት ምርኩዞች ያስፈልጋሉ፤ ምክንያቱም በፍጻሜ ቀን ከልምምድ ይልቅ በፍጥነት ይሮጣል፤ ነፋስ ከኋላው ከገፋው ደግሞ እርምጃው ይረዝማል፤ ሩጫውን የሚጀምርበት ምልክትም ወደ ኋላ መራቅ አለበት። የለሰለሰ ምርኩዝ ከልክ በላይ ጎብጦ ቶሎ ያሳልፈውና አግዳሚው ላይ ይጥለዋል። የጠነከረው ደግሞ ቀጥ ብሎ ሳይቆም ወደ መንደርደሪያው ይመልሰዋል፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ መያዣውን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉለት፤ ካልበቃ ምርኩዙን ቀይሩ።

ነገር ግን ጥፋቱን በምርኩዙ ላይ ከማላከካችን በፊት እግሩን እንይ። ከመሬት ሲነሣ የመነሻ እግሩ በላይኛው እጁ ትክክል ሥር መሆን አለበት። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ምርኩዙ ወደሚተከልበት ሳጥን ከገባ ትከሻው ይጎተታል፤ ጥሩው ምርኩዝም የጠነከረ ይመስላል። አሠልጣኙ ተሳስቶ ለስላሳ ይሰጠዋል፤ በሚቀጥለው ሙከራ ልጁ በትክክል ይነሣል፤ ያ ለስላሳ ምርኩዝ ያለ ልኩ ይወስደዋል። ስለዚህ አሠልጣኝ ዓይኑ ከአግዳሚው ይልቅ እግሩ ላይ ይሁን። ከመሬት ከሚነሣበት ቦታ ስድስት እርምጃ ቀደም ብሎ የሚደረግ ምልክትም ስሕተቱ ሩጫው ላይ ይሁን መነሻው ላይ ለመለየት በእጅጉ ይረዳል።

የቋሚዎቹ ነገር ቀላል ነው። አግዳሚው ከሳጥኑ ጠርዝ ከ0 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ፍራሹ ሊርቅ ይችላል። ልጁ ሲወጣ ከመታው ቁጥሩን ጨምሩ፤ ጫፍ ደርሶ ሲወርድ ከነካው ቀንሱ። ዳኛው ከማስተካከሉ በፊት ንገሩት፤ ከተስተካከለ በኋላ ለውጥ መጠየቅ ለሙከራው ከተሰጠው ጊዜ ላይ ይበላል።

ለዳኞች፦ ወደ አግዳሚው ወይም ወደ ቋሚዎቹ የሚወድቅ ምርኩዝ አይነካ፤ በዝላይ መሐል የተሰበረ ምርኩዝም እንደ መሳት አይቆጠርም።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ ጉዞው ነው። 5 ሜትር የሚደርስ ምርኩዝ ሁሉም አውሮፕላን አይጭንም። ትኬት ከመቆረጡ በፊት አየር መንገዱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በመሐል የሚቀየረውንም አውሮፕላን ጭምር። የሌላ ተወዳዳሪ የግል ምርኩዝ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነሣም፤ እዚያ ደርሰን እንዋሳለን ብሎ መነሣት ልጁን ባዶ እጁን ሜዳ ላይ ማቆም ነው።

አመሰግናለሁ።