ዋጋውን ማን ሰቀለው?

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ነዳጅ በጨመረ ቁጥር፣ የመብራት ሂሳብ በናረ ቁጥር ስለምንጠይቀው ጥያቄ ነው። ዋጋውን ማን ሰቀለው? መላሽ ሞልቷል። መሪው ነው ይላል አንዱ። የለም፣ ስግብግብ ኩባንያዎች ናቸው ይላል ሌላው። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኃያላን መንግሥታት ከጀርባ ሆነው የሚሠሩት ነው ይላል። ሁሉም እርግጠኛ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ እርግጠኝነት ነው፤ ምክንያቱም በተሳሳተ ሰው ላይ ስንጮህ ኪሳችን የገባው ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል።

እስቲ ወደ አንድ ቀን ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2020። ኮሮና ዓለምን ቤት ዘግቶበታል። አውሮፕላኑ ቆሟል፣ መኪናው ቆሟል። አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ኩሺንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ዙሪያዋን ግዙፍ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ጋኖች ናቸው። በአሜሪካ ገበያ በውል የሚሸጠው ድፍድፍ ነዳጅ ርክክቡ እዚያ ነው። ያን ሰሞን ጋኖቹ ወይ ሞልተዋል ወይ ቀድመው ተይዘዋል። በሜይ ወር ነዳጅ ለመረከብ የሚያስገድደውን ውል በእጁ የያዘ ነጋዴ ውሉ በማግስቱ ያበቃበታል። ነዳጁን ተረክቦ የት ያፈሰዋል? እናም «እባካችሁ ውሰዱልኝ፣ ገንዘብም ልጨምርላችሁ» ወደ ማለት ገባ። የቀኑ ገበያ ሲዘጋ የአንድ በርሜል ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ነበር። 159 ሊትር ድፍድፍ ለሚወስድ ሰው ተከፈለው ማለት ነው።

ይሄን ቀን ደጋግሜ የማነሳው ለምን መሰላችሁ? ኩባንያዎቹ ያኔም ያው ነበሩ። ትርፍ መውደዳቸው በዚያ ወር አልጠፋም። ኃያላኑም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ከዚያ 8 ቀን ቀደም ብሎ የነዳጅ ላኪ ሀገሮች ማኅበር የሆነው ኦፔክ ከሩሲያና ከሌሎች አጋሮቹ ጋር ሆኖ ምርቱን በቀን በ9.7 ሚሊዮን በርሜል ለመቀነስ ተስማምቶ ነበር። በታሪክ እንዲያ ያለ ቅነሳ ታይቶ አያውቅም። ዋጋው ግን አልሰማቸውም። ፈላጊ ጠፍቷል፣ ማስቀመጫ የለም፣ አለቀ። ዓለምን እንደ አሻንጉሊት የሚያንቀሳቅስ አንድ እጅ አለ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ይቺን ቀን አንሱበት።

ይህን ስል ኩባንያዎቹን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። የማደያ ዋጋን የሚያጠኑ ሰዎች «ሮኬትና ላባ» የሚሉት ነገር አለ። ድፍድፉ ሲወደድ የማደያው ዋጋ እንደ ሮኬት ይተኮሳል፤ ድፍድፉ ሲረክስ ግን እንደ ላባ እየተንሳፈፈ፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። በብዙ ሀገር ገበያ ላይ በጥናት የታየ ነው። ስለዚህ ንዴታችን ቦታ አለው። ግን ቦታው ልዩ ነው፦ ዋጋው የወጣ ቀን ሳይሆን ድፍድፉ ወርዶ የማደያው ዋጋ እዚያው ተሰቅሎ የቀረባቸው ሳምንታት ናቸው። እኛ ደግሞ የምንጮኸው ሲወጣ ነው። ሲወርድ «ተመስገን» ብለን ስንት ሳምንት እንደዘገየ ሳንቆጥር እናልፈዋለን።

መሪውስ? «ሀገራችን የራሷን ነዳጅ ብታወጣ ይረክስልን ነበር» የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አሜሪካ ከ2018 ጀምሮ በድፍድፍ ምርት ከዓለም አንደኛ ናት። ሆኖም ሩሲያ ዩክሬንን ወርራ፣ በማርች 2022 ለዓለም ዋጋ መለኪያ የሆነው የብሬንት ድፍድፍ በበርሜል ከ120 ዶላር ሲያልፍ የአሜሪካም አሽከርካሪ አብሮ ነው የተቃጠለው። በርሜሉ ከየትም ጉድጓድ ይውጣ፣ ሻጩ የሚያየው የዓለምን ዋጋ ነዋ። መሪ ታክስ ይጨምራል፣ ድጎማ ያነሳል፣ የገንዘቡን ጉልበት ያዳክማል፤ በእነዚህ እንጠይቀው፣ አጥብቀን እንጠይቀው። የዓለምን ዋጋ እኔ አወረድኩት ሲል ግን አናጨብጭብለት።

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ ልምጣ። በጁን 2024 አንድ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ፤ ሳትደርሳችሁ አትቀርም። «በአሜሪካና በሳዑዲ ዓረቢያ መካከል የነበረው የ50 ዓመት የፔትሮዶላር ውል አበቃ፣ ከእንግዲህ ዶላር ሞተ» ይላል። ፔትሮዶላር ማለት ከነዳጅ ሽያጭ የሚገኝ ዶላር ነው። እኔም አምኜ ለወዳጆቼ ልኬዋለሁ፤ ለዚህም ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በጁን 1974 ሁለቱ ሀገሮች የኢኮኖሚ ትብብር የጋራ ኮሚሽን አቋቁመዋል። ሳዑዲም የነዳጅ ገንዘቧን በአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ላይ አውላለች። ነዳጅ በዶላር ብቻ እንዲሸጥ የሚያስገድድ፣ በ50 ዓመቱ የሚያበቃ ውል ግን አልነበረም። ያልነበረ ውል ደግሞ አያበቃም።

ዶላር አይነካም ማለቴም አይደለም። የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች ከያዙት የውጭ መጠባበቂያ ውስጥ በ1999 ድርሻው 71 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደ 58 በመቶ ወርዷል። ቀስ ያለ ነገር ነው፣ ለሰበር ዜና አይመችም። እኛን የሚነካን ሌላ ነገር ነው። ነዳጅ በአብዛኛው በዶላር ስለሚሸጥ፣ የበርሜሉ ዋጋ ባይነቃነቅ እንኳ ዶላር ሲጠነክር ሌላ ገንዘብ የሚጠቀም ሰው የበለጠ ይከፍላል። በ2022 ክረምት ዩሮ እንኳ ከዶላር በታች ወርዶ አውሮፓውያን ይሄንን ቀምሰውታል። ደካማ ገንዘብ ያለው ሀገር እንዴት እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

ኃይል የለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አለ፣ ካርታ ላይም ይታያል። በኢራንና በኦማን መካከል ያለው የሆርሙዝ ወሽመጥ በጠባቡ ቦታ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመርከቦች የተመደበው መስመር በየአቅጣጫው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። በ2024 በዚያች መተላለፊያ በቀን 20 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ነዳጅ አልፏል፤ ዓለም ከምትጠቀመው አምስት እጅ አንዱ ማለት ነው። ይሄን ለማየት የምስጢር ሰነድ አያስፈልግም።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያበሳጨኛል። ባለሥልጣን ቀርቦ «የዋጋ ግሽበት ወርዷል» ይላል። ገበያ ሄዶ የመጣ ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር እንደተወደደ ነው። ከዚያ ሰውዬው አልገባህም ይባላል። ገብቶታል እንጂ! በአሜሪካ የዓመቱ ግሽበት በጁን 2022 9.1 በመቶ ደርሶ በጁን 2023 ወደ 3 በመቶ ወረደ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን ኪስ ውስጥ ምን ሆነ? 100 ይገዛ የነበረው መጀመሪያ 109 ሆነ፣ ከዚያ ከ112 አለፈ። የወረደው የጭማሪው ፍጥነት ነው፤ ዋጋው መውጣቱን አላቆመም። ደመወዙ 100 ላይ ለቆመ ሰው ይሄንን «እፎይታ» ብሎ መንገር ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ ነው። እንዲህ የተናቀ ሰው ቀጥሎ የሚመጣለትን የውሸት ወሬ ቢያምን አልፈርድበትም። በጁን 2024 የመጣውን መልእክት ያሰራጩት ሰዎች ብዙዎቹ ሞኝ ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ቁጥር የያዙት ሰዎች ደጋግመው ስላሳነሷቸው ነው።

ባለሥልጣናት ግሽበት ሲሉ ከጎኑ የዋጋውን ደረጃና የደመወዙን ደረጃ አብረው እንዲናገሩ እንጠይቅ። ማደያዎችም ድፍድፍ በወረደ በስንት ቀን እንደሚቀንሱ በይፋ ይመዝገብ። ሁለቱም የሚቻሉ ነገሮች ናቸው። ማይክራፎኑ አሁን የእናንተ ነው፤ የተሳሳትኩበት ካለ ከዚያ ጀምሩልኝ።