የመጀመሪያው ዙር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ አንድ ፍልሚያ፣ ከፍልሚያውም በተለይ ስለ መጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ለብቻዬ አወራለሁ። ፍልሚያው ኖቬምበር 16 ቀን 2013 በላስ ቬጋስ፣ በኤምጂኤም ግራንድ አዳራሽ የተካሄደው፣ ቡጢ፣ ርግጫና ትግል የሚቀላቀሉበትን ስፖርት የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ የዩኤፍሲ፣ የዌልተር ሚዛን ሻምፒዮና ነው፤ ቀኖቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆነ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሻምፒዮኑ ካናዳዊው ጆርጅ ሴንት ፒየር ነበር። ተፎካካሪው ደግሞ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሁለት ጊዜ የአሜሪካ ኮሌጆች የትግል ሻምፒዮን የሆነው፣ በኋላም በግራ ቡጢው ሰው በመዘረር ስሙ የገነነው ጆኒ ሄንድሪክስ ነበር። ሁለቱ 25 ደቂቃ ሙሉ ተፋለሙ። ሁለት ዳኞች 48 ለ 47 ለሴንት ፒየር፣ አንድ ዳኛ 48 ለ 47 ለሄንድሪክስ ሰጡ፤ ቀበቶውም ከሻምፒዮኑ ጋር ቀረ።

ውጤቱ ሊነገር ሲል የሁለቱን ፊት ጎን ለጎን ያየ ሰው ማን እንዳሸነፈ የሚጠራጠር አይመስለኝም። የሴንት ፒየር ፊት አብጦና በልዞ ነበር፤ ሄንድሪክስ ግን ከልምምድ የተመለሰ እንጂ ከሻምፒዮና ፍልሚያ የወጣ ሰው አይመስልም ነበር። የዩኤፍሲው ፕሬዚዳንት ዳና ዋይት በዚያው ሌሊት ዳኝነቱንና ዳኞቹን የመደበውን የኔቫዳ ኮሚሽን በቁጣ ነቀፈ፤ ፍልሚያውን ነጥብ እየያዙ ከተከታተሉት ጋዜጠኞችም አብዛኞቹ ለሄንድሪክስ ነበር የሰጡት። እኔም «በዚያ ሌሊት የተሻለ የተፋለመው ማን ነው?» ተብዬ ብጠየቅ ሳላመነታ ሄንድሪክስ እላለሁ። ይሁን እንጂ ዳኞቹ የተጠየቁት ይህን አልነበረም። የተጠየቁት አምስት የተለያዩ ጥያቄዎችን፣ እያንዳንዱንም በተራው ነበር፤ የዛሬው ወሬዬም በእነዚህ ሁለት ዓይነት አጠያየቆች መካከል ስላለው ክፍተት ነው።

የሻምፒዮና ፍልሚያ እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ የሚፈጁ 5 ዙሮች አሉት። በሜዳው ዙሪያ በተለያየ አቅጣጫ የሚቀመጡት 3 ዳኞች በየዙሩ ለበላዩ 10፣ ለተበለጠው 9፣ ብልጫው የከፋ ከሆነም 8 ይሰጣሉ። አሠራሩ የተወረሰው ከቦክስ ነው፤ ነገር ግን የቦክስ ሻምፒዮና 12 ዙር ስላለው አንድ አጠራጣሪ ዙር በሌሎቹ 11 ውስጥ ሊዋጥ ይችላል፤ እዚህ ግን አንድ ዙር የጠቅላላው ፍልሚያ አንድ አምስተኛ ነው። በእኔ እምነት ለዚህ ስፖርት ውዝግቦች ትልቁ ምክንያት የዳኞች ድክመት ሳይሆን ይህ ስሌት ነው። ልኩ ለ12 የተቆረጠ ልብስ ለ5 ተለብሷል።

ወደዚያ ሌሊት ስንመለስ፣ የዳኞቹ የነጥብ ወረቀት ከሚባለው በላይ ይስማማል። ሁለተኛውንና አራተኛውን ዙር ሦስቱም ለሄንድሪክስ ሰጡ፤ በሁለተኛው ከባድ ቡጢዎቹ ሻምፒዮኑን አናግተውታል፣ በአራተኛው ደግሞ መሬት ላይ ጥሎ ከላይ ሆኖ መትቶታል። ሦስተኛውንና አምስተኛውን ሦስቱም ለሴንት ፒየር ሰጡ፤ በሦስተኛው ቀጥተኛዋ የግራ ቡጢው፣ ጃብ የምንላት፣ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ነበር፣ በአምስተኛው ደግሞ ተፎካካሪውን መጣል ችሏል። ስለዚህ በአራት ዙሮች ላይ በሦስቱ ዳኞች መካከል ቅንጣት ልዩነት አልነበረም። የዓለም ሻምፒዮና የሚያህል ነገር የተንጠለጠለው በመጀመሪያው ዙር ላይ ብቻ ነበር።

ይህን ዙር ድምፁን አጥፍቼ ማየት እመርጣለሁ፤ የተንታኞቹ ድምፅና የሕዝቡ ጩኸት ያልተመታውን ሰው የተመታ ያስመስላልና። ሴንት ፒየር ገና በጅምሩ ሄንድሪክስን ጣለው፤ በዚህ ሚዛን ውስጥ ሄንድሪክስን መጣል ቀላል ስላልሆነ ነገሩ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ሄንድሪክስ መሬት ላይ ብዙ ሳይቆይ፣ የረባ ምት ሳይቀምስ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሻምፒዮኑ አጥሩ ሥር አንድ እግሩን ይዞ ዳግም ሊጥለው ሲታገል፣ ሄንድሪክስ በጭንቅላቱ ጎን ላይ ክርኑን ደጋግሞ አሳረፈበት፤ ተያይዘው በቆሙበት ጊዜም በጉልበቱ መታው። በመካከሉ ሴንት ፒየር ከርቀት እየመታና እየረገጠ የራሱን ድርሻ ወስዷል። ከዚህ የጎላ ነገር አልተፈጸመም፤ ተመትቶ የወደቀ የለም፣ ማንም አልተንገዳገደም።

እንግዲህ መመዘኛው ምን ይላል? ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለ አጻጻፍ ደረጃውን ግልጽ አድርጎታል፤ አስቀድሞ ውጤት ያስገኘ ምትና ውጤት ያስገኘ ትንቅንቅ ይመዘናል፤ በዚያ እኩል ከሆኑ ብቻ ወደ ፊት ገፍቶ ማጥቃት፣ በመጨረሻም ሜዳውን መቆጣጠር ይታያል። በዚህ ሚዛን ካየነው፣ ምንም ያልተከተለው መጣል ክብደቱ ትንሽ ነው፤ ክርኖቹ ግን ያረፉት ሰው ላይ ነው። ስለዚህ እኔ ዙሩን፣ በጠባብ ልዩነት፣ ለሄንድሪክስ እሰጣለሁ። ያም ሆኖ ፍልሚያው የተዳኘው ይህ ማሻሻያ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ በዚያን ጊዜ ያንን መጣል አክብዶ ለሴንት ፒየር የሰጠውን ዳኛ ምንም አላየም ልለው አልችልም። ከአንድ አቅጣጫ የተቀመጠ ሰው ክርኑ ሲወርድ ያያል፤ ከሌላው አቅጣጫ የተቀመጠው ምናልባት የሚያየው የሄንድሪክስን ጀርባ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር አለ። የዳኞቹ ወረቀት የሚሰበሰበው ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዙር ፍርድ ሲጻፍ ሁለተኛው ዙር ገና አልተፈጠረም፤ የሴንት ፒየር ፊት አላበጠም፣ ያ ከባድ የግራ ቡጢም አላረፈም። እኛ ግን ያንን ዙር የምናስታውሰው ከኋላው በመጣው ሁሉ ተቀብቶ ነው። ሄንድሪክስ ሻምፒዮኑን ሲያናጋው ካየን በኋላ፣ ወደ ኋላ ተመልሰን የመጀመሪያውንም ዙር በእጁ እናስገባለታለን። ተመልካች ይህን ማድረጉ ተፈጥሯዊ ነው፤ ዳኛ እንዳያደርገው ግን ወረቀቱ አስቀድሞ ከእጁ ተወስዷል። እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ፤ ለልቤ ደስ የማይል ውጤት ባመጣበት ሌሊትም እንኳ።

ለዚህም ነው ሄንድሪክስ ተዘረፈ የሚሉትን የማልከተላቸው። ዝርፊያ ለመባል በግልጽ የአንዱ የሆነ ዙር ለሌላው መሰጠት አለበት፤ እዚህ ያለው ግን ሦስት ልምድ ያላቸው ሰዎች በ5 ደቂቃ ላይ የተለያዩበት ጉዳይ ነው። «ሁለተኛው ዙር እኮ 10 ለ 8 መሆን ነበረበት» የሚሉም አሉ። እሺ፣ እንስጣቸውና እናስላ። ሦስቱም ዳኞች ያንን ዙር 10 ለ 8 ቢያደርጉት ኖሮ፣ ለሻምፒዮኑ ያደሉት ሁለቱ ወረቀቶች 47 ለ 47 ይሆናሉ፤ ሦስተኛው 48 ለ 46 ለሄንድሪክስ ይሆናል፤ ከሦስቱ ሁለቱ እኩል ካሉ ደግሞ ፍልሚያው እኩል ነው፤ ሻምፒዮኑም ቀበቶውን ይዞ ይሄዳል። ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በዲሴምበር 2020 ዴቪሰን ፊጌሬዶ እና ብራንደን ሞሬኖ በፍላይ ሚዛን ሲፋለሙ ሁለት ዳኞች 47 ለ 47 በመስጠታቸው እኩል ተለያይተው፣ ሻምፒዮኑ ፊጌሬዶ ሻምፒዮን እንደሆነ ቀርቷል፤ በዚያኛው ቁጥሩን ያመጣው በሦስተኛው ዙር ብልቱ አካባቢ በረገጠው ሻምፒዮን ላይ የተቀነሰው አንድ ነጥብ ነበር።

ሌላ መንገድ የለም ወይ ቢባል፣ አለ። በጃፓን የነበረው የፍልሚያ ድርጅት፣ ፕራይድ፣ በየዙሩ ነጥብ አይቆጥርም ነበር፤ ዳኞቹ ፍልሚያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተው አንድ አሸናፊ ይመርጡ ነበር። ሌላው ድርጅት፣ ዋን ቻምፒዮንሺፕም፣ ፍልሚያውን በጠቅላላው ይመዝናል። በዚያ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ሄንድሪክስ ያለ ብዙ ክርክር ሻምፒዮን ይሆን ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የሰው ትውስታ ነው፤ የመጨረሻውንና ደም የፈሰሰበትን ያጎላል፣ የመጀመሪያውንና ጸጥ ያለውን ይረሳል። በነገራችን ላይ የዚያ ሌሊት ዝግጅት የዩኤፍሲ 20ኛ ዓመት መታሰቢያም ነበር፤ በኖቬምበር 1993 በዴንቨር የተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ደግሞ ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ እንኳ አልነበረውም።

የፊት እብጠት ምን ያህል ዓይን እንደሚይዝ በደንብ የታየው በማርች 2020፣ ጃንግ ዌይሊ እና ዮአና የንድርዜይቺክ ለስትሮው ሚዛን ቀበቶ በተፋለሙበት ጊዜ ነው። የዮአና ግንባር ቅርጹ እስኪጠፋ አብጦ ነበር፤ ያም ሆኖ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ያሸነፈችው እሷ ናት አለ። ጃንግ በሁለት ዳኞች ድምፅ ቀበቶዋን አስጠበቀች። ያ አንድ ዳኛ የተሳሳተ አይመስለኝም፤ በአንድ ዙር ያበጠ ግንባር ለቀጣዩ ዙር ማስረጃ እንደማይሆን ያወቀ ሰው ይመስለኛል።

ከሄንድሪክስና ከሴንት ፒየር ፍልሚያ ይበልጥ የሚከነክነኝ የመጀመሪያው ዙር ሳይሆን አምስተኛው ነው። በዚያ ዙር የሄንድሪክስ ጥቃት ቀዝቅዞ ይታያል፤ እየመራ እንደሆነ እርግጠኛ የሆነ ሰው እንደሚያደርገው ያለውን ለመጠበቅ የሚጠነቀቅ ይመስል ነበር። እውነታው ግን በሁለቱ ዳኞች ወረቀት ላይ ከ4 ዙር በኋላ 38 ለ 38፣ እኩል ነበሩ፤ ያንን ዙር የወሰደ ሰው ፍልሚያውን ይወስድ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ይህን ማወቅ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ነበር የማያውቀው።

ሴንት ፒየር፣ ዘጠነኛ ተከታታይ ጊዜ ቀበቶውን ባስጠበቀ በወሩ፣ ለቀቀው። ሄንድሪክስም በማርች 2014 በዳላስ ከሮቢ ላውለር ጋር ለባዶው ቀበቶ ገጠመ። በእኔ አቆጣጠር ከ4 ዙር በኋላ እንደገና እኩል ነበሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሄንድሪክስ አምስተኛውን ዙር እየተዳከመም ቢሆን ገፍቶ ወሰደው፣ በሦስቱም ዳኞች 48 ለ 47 ሻምፒዮን ሆነ። በዲሴምበር ሁለቱ እንደገና ተገናኙ፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያጠቃው ላውለር፣ የደከመው ሄንድሪክስ ነበር፤ ዳኞቹ ተከፋፍለው ቀበቶው ወደ ላውለር ሄደ። በ13 ወራት ውስጥ ሦስት የሻምፒዮና ፍልሚያ፣ ሦስቱም በነጥብ።

ነጥቡ በየዙሩ መሀል ለተፋላሚዎቹና ለሕዝቡ ይገለጥ የሚል ሐሳብ ከጥንት አለ። የካንሳስ ግዛት በማርች 2020 በኢንቪክታ የሴቶች ውድድር ላይ ሥራ ላይ አውሎታል። ተቃዋሚዎቹ የሚሉት እየመራ ያለ ሰው በመጨረሻው ዙር ይሸሻል ነው፤ ደግሞም ሊሸሽ ይችላል። ነገር ግን እየመራሁ ነው ብሎ በግምት የሚያፈገፍግ ሰው ዛሬም አለ፤ ልዩነቱ እንደ ሄንድሪክስ ግምቱ ሊሳሳት መቻሉ ነው። ነጥቡ ከተገለጠ እየመራ ያለው ቢሸሽ እንኳ የተበለጠው መሸነፉን አውቆ ለማሳደድ 5 ደቂቃ ሙሉ አለው። በዚያ ሌሊት ከአራተኛው ዙር በኋላ 38 ለ 38 የሚል ቁጥር ሁለት ጊዜ ሰሌዳው ላይ ቢታይ ኖሮ አምስተኛው ዙር ምን ይመስል እንደነበር ማየት እፈልግ ነበር፤ ሴንት ፒየርም ቢሆን በዚያ ባበጠ ፊቱም ይበልጥ ይፋለም እንደነበር አልጠራጠርም።