በስንት ኒውተን ሜትር?

ጋሼ፣ መካኒኩ፣ ለሥራ ውጭ አገር ሊሄድ ነው። አዎ፣ ያው ጋሼ። መኪና ውስጥ እንደገባ ሬዲዮ የሚያዘጋችሁ። «ዝጉት እስቲ፣ ሞተሩን ልስማው» የሚለው።

እኔን የከነከነኝ ግን መሄዱ አይደለም መሰለኝ። ያ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። በቪዲዮ ነበር። እኔ ከስልኩ ጀርባ ተቀምጫለሁ። ጥሩ እየሄደለት ነበር። ስለ ፍሬን ጠየቁት፣ መለሰ። ስለ ካንዴላ፣ ነዳጁን በብልጭታ ስለምታቀጣጥለው፣ ጠየቁት። እሱማ ጫፏ ላይ ያለውን ጥላሸት አይቶ ነዳጅ እንደበዛበት የሚነግራችሁ ሰው ነው። ቀጥሎ ሰውየው «የቴስታታ ብሎን በስንት ኒውተን ሜትር ታጠብቃለህ?» አለው። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፣ ኒውተን ሜትር ደግሞ ብሎን ሲጠብቅ የሚዞርበት ኃይል መለኪያ።

ጋሼ ዝም አለ። ከዛ እጁን አየ። መዳፉን ገልብጦ፣ መልሱ እዛ ላይ የተጻፈ ይመስል። ቆይቶ ቁልፍ እንደያዘ ሰው አንጓውን ዞር አደረገና «እስከዚህ» አለ። ሰውየው ግራ ገባው። እኔ ግን ገብቶኛል። ያንን አንጓ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ!

መልሱ ቀላል ነበር እኮ። «ቁጥሩ እንደ ሞተሩ ይለያያል፣ የፋብሪካውን ማኑዋል አያለሁ» ማለት። ጋሼ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በየደረጃው እንደሚጠበቅ ያውቃል። ቴስታታው እንዳይጣመም፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ እኩል እንዲጫን ነው። ምክንያቱንም ያውቃል ማለት ነው። የጎደለው ቁጥር ነው። ለቁጥር ተብሎ እንዲህ ያለ ሰው ዝም ይበል?

ግን ደግሞ… እነሱም ልክ ናቸው። እጅ ይደክማል። አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ብሎኑ ተለክቶ ከጠበቀ በኋላ በዲግሪ ተጨማሪ ይዞራል፣ ሲጠብቅ ስለሚለጠጥ ሁለተኛ አይታሰርም። ይሄን በስሜት አትደርሱበትም። ጀርመን አገር ሙያውን ለመማር 3 ዓመት ተኩል ይፈጃል፣ ካናዳ ሬድ ሲል የሚባለው የሙያ ብቃት ፈተና ለማለፍ 70 በመቶ ይጠይቃል። ያለ ነገር አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪናው ነገር ደግሞ አለላችሁ። የ400፣ የ800 ቮልት ባትሪ ነው። ኤሌክትሪኩን ሳታቋርጥ ከነካኸው ይገድልሃል። ጋሼ ስልጠናውን ጀምሯል። አንድ ቀን «ምኑን ልስማው ታዲያ?» አለኝ። ሳቅን። እኔ ቶሎ አቆምኩ።

ከአሠሪው ጋር የሚያገናኘው የኤጀንሲ ሰውዬ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቀዋል። ለምን እንደሆነ ንገሩኝ! የዓለም ሥራ ድርጅት በፈረንጆቹ 1997 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 181፣ በመርህ ደረጃ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ አይቀበልም ይላል። ወጪው የአሠሪው መሆን አለበት። ይሄን ስነግረው ጋሼ «ሁሉም ይከፍላል» አለኝ። በቃ፣ እዚህ ላይ ንድድ አልኩ።

ንዴቴን ያባሰው ውሉ ነው። የሥራ መደቡ ላይ «ረዳት» ይላል። ረዳት! ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ የራሳቸው ጋራዥ አላቸው። አስቀይረው አልኩት። «ከገባሁ በኋላ ሥራዬን ያያሉ» አለ።

ያዩ ይሆናል። ግን ደሞዙም የሚሰላው በዛው መደብ ነው። እዛ ደርሶ ማን ሊቀይርለት ነው? ወይ ደግሞ መጀመሪያ እግሩ ይግባ ማለቱ ነው መሰለኝ፣ ያም ያስኬዳል… እንጃ። ገና አልፈረመም። ማታ እደውልለትና…