አረፋው አልጠፋ ሲል

እሺ... ዛሬም ሳሙና ነው። «አሁንም አላለቀም?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የማንኪያዋን ነገር፣ ማለትም የልብስ ሳሙናውን በማንኪያ ለክቶ መጨመርን፣ ባለፈው የጨረስነው መስሎኝ ነበር። ግን አንዷ ቅጽበት ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ሳንቲም ላውንድሪ ውስጥ (ሳንቲም ከፍለው በማሽን የሚያጥቡበት ቤት)፣ ማሽኑ ሊጨርስ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው፣ መጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ፣ የበሩ መስታወት በአረፋ ነጭ በነጭ የሚሆንባት ቅጽበት።

ቀስ ብለን እንያት። በሩ ተቆልፏል፣ ሳንቲሙ ገብቷል፣ ምንም መክፈት አይቻልም። ልብሱ ይዞራል፤ ግን አይወድቅም። በፊት በኩል የሚከፈት ማሽን የሚያጥበው ልብሱን ወደ ላይ አንስቶ ውሃው ላይ በመጣል ነው። እኛ በእጃችን የምናሸውን እሱ በመጣል ይሠራዋል። አረፋ ሲበዛበት ግን ፍራሽ የተነጠፈለት ያህል ነው፤ ልብሱ ለስለስ ብሎ ያርፋል፣ እድፉም ካለበት አይነቃነቅም። ሳሙና ሲበዛ ጽዳቱ ይቀንሳል ማለት ነው እንግዲህ። በእጁ ሲያጥብ የኖረ ሰው ይሄን በቀላሉ አያምንም። አረፋ ካላየ ልብሱ ታጠበ አይልማ! አይፈረድበትም።

ደግሞ እዚያ ላይ አያበቃም። መጭመቂያው ሲጀምር አረፋው የሚዞረውን ክፍል ይይዘዋል። ማሽኑ ይሄን ሲያውቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይ ያቋርጠዋል። ልብሱም ውሃ እንዳዘለ ይወጣል። ያ ውሃ የት ሊሄድ ነው? ማድረቂያው ውስጥ፣ በሳንቲም። በሃያ ምናምን ደቂቃ የሚደርቀው ፎጣ አርባን ሊያልፍ ይችላል። ትርፍ የተጨመረው ሳሙና ሂሳቡ የሚከፈለው ማድረቂያው ላይ ነው። ይሄ ነው እኔን የሚያበሳጨኝ።

መጠኑ... ለ8 ኪሎ ማሽን፣ ብዙ ላልቆሸሸ ልብስ፣ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ሳሙና፣ ማለትም 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ሳሙናው የተጠናከረ ዓይነት ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ውሃው ካልሲየምና ማግኒዥየም በሚበዛበት አገር ትንሽ ይጨመራል። የጠርሙሱን ክዳን ወደ መብራት አዙራችሁ ውስጡን እዩት፤ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የታችኛው ነው። ክዳኑን ሞልቶ ማፍሰስ ነው ችግሩ። ዱቄት ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ደህና አይሟሟም፣ ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ መስመር ይተዋል። በ30 ዲግሪ ለማጠብ ፈሳሹ ይሻላል።

መሳቢያውንም እዩት። 1 ቁጥር የተጻፈበት ለቅድመ እጥበት ነው፤ እዚያ የተጨመረ ሳሙና ዋናው እጥበት ሳይጀምር ከውሃው ጋር ሊፈስ ይችላል። 2 ቁጥሩ ነው ዋናው። አበባ የተሳለበት ለማለስለሻ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን፣ ልብስ ሳይገባ፣ የበሩን ላስቲክ እጥፋት በጣት ማበስ። ካሙለጨለጨ ከኛ በፊት ያጠበው ሰው ሳሙና ነው፣ የኛን መቀነስ ነው። በረኪና ከሸተተ ባለቀለም ልብስ እዚያ አይገባም፣ ሌላ ማሽን መፈለግ። እጥፋቱ ውስጥ እስክሪብቶም ይገኛል። አንድ እስክሪብቶ ስንት ሸሚዝ እንደሚያበላሽ... ተዉት፣ እሱ ሌላ ቀን።

ወደ ስድስቱ ደቂቃ ልመለስ። ማሽኑ ሲቆም በቀጥታ ወደ ማድረቂያ አለመሮጥ። የፎጣውን ጫፍ ጨመቅ አድርጉት። ከእጅ ላይ ካሙለጨለጨ ሳሙናው አልወጣም፤ ያለ ሳሙና፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ አጭሩን ፕሮግራም መድገም ነው። ውሃ ብቻ ከሆነ መጭመቂያው ብቻ ይበቃል፤ አንዳንድ ቤት ለብቻው የቆመ መጭመቂያ አለ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሳንቲም ይወጣል፣ አዎ። ግን ሳሙና ያለበት ልብስ በሙቀት ሲደርቅ ድርቅ ይላል፣ ቆዳ ያሳክካል። መድገሙ ይሻላል ብዬ አስባለሁ... ለአንድ አንሶላ ብቻ ከሆነ እንኳ እንጃ።

ማድረቂያው ውስጥ ደግሞ ከግማሽ በላይ አለመሙላት፣ የብናኝ ማጣሪያውን መጥረግ፣ እያንዳንዱን ልብስ አራግፎ ማስገባት። ጂንስና ስስ ሸሚዝ አብረው አይደርቁም።

እና አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። አገሩን ገና ያልለመደ ሰው፣ ቋንቋውም ያልገባው፣ ክዳኑን ሞልቶ ሲያፈስ ብናይስ? አስቀድሞ መንገር ደግ ነው። ግን በሰው ልብስ መግባትም ያሳፍራል፤ የውስጥ ልብሱ አለበት እኮ። በምልክት ሁለት ጣት አሳይቶ «ይሄን ያህል» ማለት ይቻላል። ምናልባት። ከዚያ እሱ ሁለት ክዳን መስሎት ቢጨምርስ? አይ... ክዳኑን ተቀብሎ መስመሩን ማሳየት ሳይሻል አይቀርም። ወይም ዝም ብሎ ስድስት ደቂቃ እስኪቀረው ጠብቆ...