አክሊሉ በሁለቱም ራስ ላይ ነው
(ጎንደር ውስጥ ለጋብቻ ለሚዘጋጁ እጮኛሞችና ለሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ የማኅበራችን አባላት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ለመጋባት የምትዘጋጁ ልጆቻችን፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ። ስለ ባልና ሚስት መታዘዝ እንድናገር ስጠየቅ ወዲያው እሺ ያልሁት አንድ ነገር ለብዙ ዓመት ውስጤን ሲበላኝ ስለኖረ ነው።

የእኛን አገር ሠርግ ታውቁታላችሁ። እልልታው በረድ ሲል አንዱ ሽማግሌ ይነሣና «ሚስቶች ሆይ፣ ለጌታ እንደምትገዙ ለባሎቻችሁ ተገዙ» ብሎ አንብቦ መጽሐፉን ያጥፋል። ኤፌሶን ምዕራፍ 5 ቁጥር 22። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ቢል፣ 21 ላይ፣ ሐዋርያው ሁላችንንም አንዳችን ለሌላው በክርስቶስ ፍርሃት እንድንገዛ ያዝዘናል። ሦስት ቁጥር ወደ ታች ቢወርድ ደግሞ፣ 25 ላይ፣ ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት እንዲወድ ታዟል። ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ምን አደረገላት? ነፍሱን ሰጠላት። «ፈርሚ» አላላትም።

«ፈርሚ» ያልሁት እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ታሪኩን ከዳር ከዳር ሰምታችኋል፤ ዛሬ ከራሴ አፍ ስሙት፤ ባለቤቴም ፈቅዳልኛለች።

በ2003 ዓ.ም. ነው። እኔ አስተምራለሁ፤ እርሷ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ቅዳሜ ገበያ ላሉ ነጋዴዎች ታስረክባለች። አንድ የልብ ወዳጄ አይሱዙ ገዝቶ ከመተማ ሰሊጥ ሊያመላልስ ፈለገና ባንክ መያዣ ጠየቀው። «ቤቴ አለልህ» አልሁት። ቤቴ! ግማሹ የእርሷ ሆኖ ሳለ። ሕጉ ግን ያለ እርሷ አይሆንም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር፤ ኋላ የወጡት የቤተሰብ ሕጎች፣ የፌዴራሉ በ1992፣ የክልላችን በ1995፣ ያንን አስቀርተው ባልና ሚስትን በቤታቸው እኩል አደረጓቸው። የጋራ ቤት በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል።

ወረቀቱን ይዤ ማእድ ቤት ገባሁ። ቡሃቃው ላይ ተጎንብሳ ታቦካለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው። «ፈርሚ» አልኋት። «ምንድን ነው?» አለችኝ፤ ነገርኋት። ዝም ብላ ጥቂት ካቦካች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «የመኪናው ኢንሹራንስ ምን ዓይነት ነው?»

ያቺ ጥያቄ ቤታችንን ታድን ነበር። እኔ ግን የመለስሁላት «የዚህ ቤት ራስ ማን ነው?» ብዬ ነው። እጇን በሽርጧ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ፈረመች።

በሁለተኛው ዓመት መኪናው ጭልጋ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ኢንሹራንሱ ለሦስተኛ ወገን ብቻ ኖሯል። ወዳጄ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ባዶ እጁን ቀረ፤ ዕዳውም እኛ ላይ ወደቀ። ስድስት ዓመት ከፈልን፤ ከደመወዜ፣ ከበርበሬው፣ በመጨረሻም እናቷ ካወረሷት የአንገት ወርቅ።

በመካከሉ አኩርፋ ዳባት ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ሦስት ሽማግሌ ይዤ ተከተልኋት። እኔን አንድ ሰዓት ሙሉ ሰሙኝ። ወደ እርሷ ዞረው ግን «ልጄ፣ ቻዪው፤ የቤቱ ራስ ነው፤ መገዛት የክርስቲያን ደንብ ነው» አሏት። ያን ዕለት ማእድ ቤት ውስጥ ምን እንዳለችኝ የጠየቃት የለም። እኔም አልተናገርሁም። ጋቢዋን ተከናንባ ተከትላኝ ወጣች፤ እስከ ጎንደር አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ባንኩ ሰነዱን መለሰልን። ከፊርማዋ ጎን የጥፍር ያህል የደረቀ ሊጥ ተጣብቆበት ነበር። ሕጉ ስምምነቷን ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ የወሰድሁት ፊርማዋን ነው።

እንግዲህ ሽማግሌዎች፣ አባቶቼ! ከዚያ ወዲህ እኔም ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ቤት ገብቻለሁ፤ ያንኑ «ቻዪው» ይዤ። ስንት ሴት «ቻዪው» ብለን ሸኝተናል? ስንቱን ወንድስ «ስማት» ብለነዋል? ሰክሮ ለሚገባው «ቻዪው»፣ ደመወዙን ለሚደብቀው «ቻዪው»፣ እጁን ለሚያነሣው ጭምር «ቻዪው»! ይህን የትኛው ሐዋርያ ጻፈው? ሚስቶች ይገዙ ተብሎ የተጻፈው ለሚስቶች ነው። ለባሎች «ሚስቶቻችሁን አስገዙ» የሚል ቁጥር ግን የለም፤ ያለው «ውደዱ፣ መራራም አትሁኑባቸው» የሚል ነው፤ ቆላስይስ 3፡19። ጴጥሮስማ ሚስቱን ያላከበረ ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል አስጠንቅቋል። ያንን ቁጥር በሠርግ ላይ ሲነበብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

መገዛት የለም አላልሁም፤ ቃሉን ልሽር አልመጣሁም። የባሰብኝ ግማሹን እያነበብን በሌላው ግማሽ ላይ ቁጭ ማለታችን ነው።

ለሙሽሮች «የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ» ብለን እንመርቃለን። ሣራ አብርሃምን «ጌታዬ» ብላዋለች፤ እውነት ነው። ዘፍጥረት 21 ላይ ግን ሣራ የተናገረችው ነገር ለአብርሃም እጅግ ከበደው፤ እግዚአብሔርም «ሣራ የምትነግርህን ሁሉ ቃልዋን ስማ» አለው። አብርሃም ማልዶ ተነሥቶ ያለችውን አደረገ። የአባቶች አባት የሚስቱን ቃል ሰምቶ ራስነቱ አልጎደለበትም።

እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ወደ ቁስቋም እንወስዳለን። «ይህን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ በ1723 ዓ.ም. ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ሳሉ ሲነግሡ እርሳቸውም ዘውድ ደፍተው አገር መርተዋል» እያልን ደረታችንን እንነፋለን። ቤታችን ስንገባ ግን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እንላለን! አገር የመራችውን ሴት ለእንግዳ እያሳየን፣ ቤቷን የምታስተዳድረውን ሴት አፏን እናስይዛለን!

እናንተ ሙሽሮች፣ በተክሊል ዕለት ልብ ብላችሁ እዩ። ካህኑ አክሊሉን በሙሽራው ራስ ላይ ብቻ አድርጎ አይመለስም፤ በሁለታችሁም ራስ ላይ ይደረጋል።

በእኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ያልተስማማንበት ነገር ያድራል፤ አንዳንዱም ሳምንት ያድራል። ያደረ ነገር አንድም ቀን አልጎዳንም። ስለ ደመወዝ መደባበቅና ስለ አማቶች ጣልቃ መግባትም ልናገር አስቤ ነበር፤ ሰዓቱ ሄዷል፤ የንስሐ አባቶቻችሁን ጠይቋቸው።

የፊታችን ቅዳሜ እኔና እዚህ የተቀመጡ ሁለት አባቶች አንድ ባልና ሚስት ልናስታርቅ ቀጠሮ አለን። ባልየው ቀድሞ መጥቶ ነገሩን በሙሉ ነግሮናል። አባቶቼ፣ በዚህ ጉባኤ ፊት ልለምናችሁ፤ ቅዳሜ ከእርሷ እንጀምር። እስክትጨርስ ማናችንም አናቋርጣት። «ቻዪው» የሚለው ቃልም ያን ቀን ከአፋችን አይውጣ። እኔ ቃል ገብቻለሁ፤ እናንተስ?