ወርቁ የት ደረሰ ለምትሉን

(በእንጦጦ ግርጌ፣ ተማሪዎች በአንድ አሮጌ ቤት ፍርስራሽ ላይ ያደረጉት የቅርስ ቁፋሮ ሲጠናቀቅ ለአካባቢው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ መምህሮቻችን፣ የሰፈሩ ወጣቶች፣ ወር ሙሉ አጥር ላይ ተንጠልጥላችሁ ስታዩን የከረማችሁ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ጓደኞቼ እኔን ወክለው ሲልኩኝ አንድ አደራ ሰጥተውኛል። «መጀመሪያ የወርቁን ነገር ተናገሪ» ነው ያሉኝ። እሺ። ወርቅ አላገኘንም። አንዲት ግራም አላገኘንም። ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ አንድ ሰውዬ «እንጦጦ ላይ ተማሪዎች አንድ እንስራ ወርቅ አውጥተው በሌሊት ጫኑት» እያለ ሲያወራ አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ነው። የታክሲውን ሒሳብ ራሱ የተበደርኩት ከጓደኛዬ ነው።

ወሬው ከየት እንደተነሳ ግን እናውቃለን። በሁለተኛው ሳምንት፣ በጓዳው በኩል ካለው ጉድጓድ፣ አንዱ ልጅ አፈር በብሩሽ ሲጠርግ አንድ ክብ ነገር ብቅ አለ። ጠገራ ብር! በአንድ ወገን የሴትዮዋ መልክ፣ በሌላው ባለሁለት ራስ ንስር፣ ከዳር ደግሞ 1780 የሚል ቁጥር። ልጁ «ቤቱ ከ200 ዓመት በላይ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም እየተሯሯጥን ሄድን። መምህራችን ብቻ ይስቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርያ ትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት፣ የሞተችው በፈረንጆቹ 1780 ነው። ከዚያ በኋላ ብሩ መመታቱን ቀጠለ፤ ዓመቱ ግን እዚያው ቀረ። ነጋዴው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልማ! በጣሊያን ወረራ ዘመን ሮም ውስጥ የተመታው እንኳ 1780 ነው የሚለው። ስለዚህ ያ ብር ስለ ቤቱ ዕድሜ ምንም አልነገረንም። አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ያስመቱት ብር ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። እሱ ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ተጽፎበታል። እኛ አላገኘነውም።

አጎቴ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበረው። «ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ ትቆፈር። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጡሬም ይሁን፣ በ2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እናንተ የምትቆፍሩት ግን የአያቴን ዘመን ቤት ነው። ምኑ ይቆፈራል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቤቱ ሩቅ አይደለም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን የተሠራው ቤተ መንግሥቱ ገና እንጦጦ ላይ እያለ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል። በዚያ ዘመን ከእንዲህ ያለ ቤት ጓሮ ማን ቆሞ ወጥ ይሠራ እንደነበር ግን ማን ጻፈ? እልፍኙን ትተን ማድ ቤቱንና የቆሻሻ መጣያውን የከፈትነው ለዚህ ነው። ጠረጴዛው ላይ የደረደርነውን ሄዳችሁ እዩት። የምጣድ ስብርባሪ፣ የጀበና አንገት፣ የብርሌ ቁራጭ፣ የበግና የከብት አጥንት፣ ሦስት የጥይት ቀለህ። ሁሉም ሰው የጣለው ነገር ነው።

ከሁሉም ግን እኔ የማልረሳው የድንጋዮቹን ታሪክ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደወረድን ሦስት ድንጋዮች ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኘን። በውስጥ በኩል ጠቁረዋል። እኛ ለካን፣ ሣልን፣ ፎቶ አነሳን። መዝገቡ ላይም «ምንነቱ ያልታወቀ የድንጋይ አሠራር» ብለን ጻፍን። ከሰዓት በኋላ አንዲት እማማ የቆሎ ሳህን ይዘው መጡ። ከአጥሩ ማዶ አጎንብሰው አዩና «አንቺ ልጅ፣ ጉልቻ አታውቂም?» አሉኝ። አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ያደግኩት ኮንዶሚኒየም ነው፤ የማውቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ጉልቻን የማውቀው በተረት ብቻ ነበር። እማማ በዚህ አላበቁም። አንደኛው ድንጋይ ለምን ዘመም እንዳለ፣ እሳቱ በየት በኩል ይማገድ እንደነበር፣ ሴትየዋ ጀርባዋን ወዴት አድርጋ ትቀመጥ እንደነበር አሳዩን። እርሳቸው በጠቆሙን በኩል ብንቆፍር የአመዱን ክምር አገኘነው። መዝገቡን ያን ቀን ማታ አስተካከልን።

ከአመዱ ከሰል ለቅመናል። ከሰሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ይለያል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው የአካባቢው ደን ለማገዶ ተቆርጦ ሲመናመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ከታችኛው አመድ ጽድና ወይራ ብቻ፣ ከላይኛው ደግሞ ባሕር ዛፍ ከወጣ፣ ያቺ ጓዳ የማገዶ ችግሩንም ለውጡንም አይታለች ማለት ነው። ከዚህ ተራራ እንጨት ተሸክማችሁ የወረዳችሁ እናቶች ከእኔ በላይ ይገባችኋል። (በነገራችን ላይ፣ የባሕር ዛፍ ሥር ሁለቱን ጉድጓዶቻችንን አበላሽቶብናል። ቂም ይዘንበታል።)

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በሦስተኛው ቀን ቸኮልኩ። በእበት የተለቀለቀ ወለል ነበር፤ እኔ ተራ ጭቃ መስሎኝ በዶማ ናድኩት። መምህራችን ደርሰው ሲያስቆሙኝ ሁለት ባሬላ አፈር ወጥቷል። አፈሩን በወንፊት ስናጣራው ሁለት ሰማያዊ ጨሌዎች ወጡ። የሚያምሩ ናቸው። ግን ከወለሉ በላይ ነበሩ ወይስ በታች? ቤቱ ሰው ሳለበት የወደቁ ናቸው ወይስ ከፈረሰ በኋላ? አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጨሌዎቹ አሉ፤ ታሪካቸውን ግን እኔ በዶማ ገደልኩት።

ይህን የምናገረው ለንስሐ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ስንመጣ ሲባጎው ተበጥሶ፣ ችካሉ ተነቅሎ፣ አንዱ ጥግ በሌሊት ተቆፍሮ አገኘነው። ማን እንደሆነ አልጠይቅም። ወርቅ ፈልጎ ነው፣ ወርቅ የለም። እኔ ያጠፋሁትን ጥፋት ግን በአንድ ሌሊት አሥር እጥፍ አድርጎታል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው፤ እኛም በፈቃድ ነው የቆፈርነው። ለአጥር ወይም ለሽንት ቤት ስትቆፍሩ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ደግሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አትጠቡት፣ ካለበትም አታንሱት።

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጉድጓዶቹን መልሰን እንደፍናለን። «ለፍታችሁ ለፍታችሁ ልትደፍኑት?» ብላችሁናል። ክፍት ቢቀር የክረምቱ ዝናብ ግድግዳውን ይበላዋል። ከሥር ፕላስቲክ እናነጥፋለን፤ ከፕላስቲኩ ላይ አንድ የዘንድሮ ሳንቲም እንጥላለን። ወደፊት የሚቆፍር ሰው እኛ እዚህ ድረስ እንደደረስን በዚያ ያውቃል።

አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የእኛ አራት ብቻ ናቸው። ቡናውን እማማ «እኔ ነኝ የማፈላው» ብለዋል። ሦስቱ ጉልቻዎች ግን ካሉበት አይነሱም፤ አፈሩን በእጃችን ነው የምናለብሳቸው።